ብቸኛ ቁጥሮችን የሚያወጣው የሮውላንድ ቀመር ኮዴ ላይ 1 ብቻ እየደጋገመ አስቸገረኝ ላልከው

ኮድህ ልክ ነው። ከ7 ተነስተህ፣ በየደረጃው የተራ ቁጥሩንና የቀደመውን ውጤት ትልቁን የጋራ አካፋይ በቀደመው ውጤት ላይ ስትደምር፣ አብዛኛው ጭማሪ 1 ነው የሚሆነው። 1ዎቹን ዝለላቸው። የቀሩት ጭማሪዎች በሙሉ ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው) ናቸው። ይህን ኤሪክ ሮውላንድ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አረጋግጦታል። ኮድህ ማሳየት ያለበትም ውጤቱን ሳይሆን ጭማሪውን ነው።

እስቲ በወረቀት ሞክረው። 7፣ 8፣ 9፣ 10 እያለ ይሄዳል። 5ኛው ላይ የ5 እና የ10 የጋራ አካፋይ 5 ስለሆነ 15 ይገባል። 6ኛው ላይ 3 ተጨምሮ 18። ከዚያ አራት ጊዜ 1፣ 1 ብሎ 22 ይደርስና 11ኛው ላይ 11 ዱብ ይላል! ቀጥሎ 3፣ ከዚያ አሥር 1ዎች፣ ከዚያ 23። ይህን መጀመሪያ በእጄ ስሠራው በጣም ነው የተደነቅኩት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ መነሻውን ዝም ብለህ አትቀይር። እኔ በ532 ጀምሬ 18ኛው ላይ ጭማሪው 9 ሆነብኝ። ኮዴን ስበረብር አመሸሁ፤ ስህተት ግን አልነበረውም። እዚያ ደረጃ ላይ የቀደመው ውጤት 567 ነው፣ 18ም 567ም ለ9 ይካፈላሉ። ማረጋገጫው የቆመው በ7 ለሚጀምረው ነው።