ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ዘጠኝ ወር «አሜባ» ሲባል የቆየ ሆድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ ጀመረኝ። በሰገራ ምርመራ አሜባ እየተባልኩ አምስት ጊዜ ፍላጂል ወሰድኩ። ስወስድ ይሻለኛል፣ ከዚያ ይመለሳል። በመጨረሻ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ተሠራልኝ፤ ናሙናም ተወስዶ አልሰራቲቭ ኮላይተስ (ትልቁን አንጀት የሚያቆስል የቆየ ሕመም) ተባልኩ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድና ሜሳላዚን ታዘዘልኝ። በሁለት ሳምንት ደሙ ቆመ። በወሩ ግን ፊቴ አበጠ፤ ሰውም «ስቴሮይድ እኮ ነው» ሲለኝ ፈርቼ ሁለቱንም ተውኩ። አሁን ደሙ ስለተመለሰ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በራሴ ፍላጂል እየወሰድኩ ነው። አጎቴ የሞተው በአንጀት ካንሰር ነው። ጥር ላይ ሠርጌ ነው። ይህ መድኃኒት ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው?

መልስ፦ የልጄ እኩያ ነሽና አንቺ ልበልሽ። የጠየቅሽኝ ስለ መድኃኒት ነው። እንቅልፍ የነሳሽ ግን አጎትሽን የወሰደው በሽታ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። የተባልሽው ካንሰር አይደለም። አንጀትሽ በካሜራ ታይቷል፣ ናሙናውም ተመርምሯል። እርግጥ ይህ ሕመም ያለበት ሰው በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል። ግን የዓመታት ጉዳይ ነው። ለዚህም ነው ሕመሙ ከጀመረ 8 ዓመት ገደማ ሲሞላ በየጊዜው ኮሎኖስኮፒ ማየት የምንጀምረው። አንቺ ገና ዘጠነኛ ወርሽ ነው። የአጎትሽን ነገር ለሐኪምሽ ንገሪውና ካርድሽ ላይ ይጻፈው። ዕድሉን ከሚጨምሩት ዋና ነገሮች አንዱ ደግሞ ብግነቱ፣ ማለትም የአንጀቱ መቆጣት፣ ሳይታከም መክረሙ ነው። አንቺ አሁን እያደረግሽ ያለሽው ይህንኑ ነው።

ትልቁ አንጀት በባክቴሪያ የተሞላ ነው፤ ሰውነታችንም ከነሱ ጋር ተቻችሎ ይኖራል። ባንቺ ላይ ያ መቻቻል ፈርሷል። የመከላከያ ኃይልሽ የገዛ አንጀትሽን ሽፋን እየወጋ ያቆስለዋል። ቁስሉ ከፊንጢጣ ይነሳና ሳያቋርጥ ወደ ላይ ይወጣል። ክሮንስ የሚባለው የዚህ ሕመም ዘመድ ግን ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል፤ እዚህም እዚያም እየዘለለ ጠልቆ ያቆስላል። በኛ አገር ከአንጀት ቲቢ ጋር ስለሚመሳሰል ለመለየት ያስቸግረናል፤ ያንቺ ግን እሱ አይደለም። ለምን አንቺን ያዘሽ? አንድ ምክንያት የለውም። ዘር ድርሻ አለው፤ አኗኗርም አለው። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይ በሽታው የታየው እዚያ ዓመታት ከኖሩ በኋላ ነው። በርበሬ፣ ብርድ ወይም ምች አላመጣብሽም። ጥፋትሽም አይደለም።

አሁን ወደ አሜባው። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆጣ ይቅር በይኝ።

ሰገራሽ በትንሿ ዕቃ ተይዞ ወረፋ ይጠብቃል። አሜባን በደንብ የምናውቀው በሕይወት እያለ ሲንቀሳቀስ ነው፤ ቀጭን ሰገራ ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልታየ መንቀሳቀሱን ያቆማል። ከዚያ ጠብታዋ መስታወት ላይ ትደረጋለች። የቆሰለ አንጀት ብዙ ነጭ የደም ሴል ያፈሳል፤ አንዳንዶቹ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ቁርጥ አሜባ ይመስላሉ። መልኩ አንድ ሆኖ ምንም የማይጎዳ ሌላ አሜባም አለ። ጎጂውን በዓይን ለይቶ ለመናገር ቀይ የደም ሴል ውጦ መታየት አለበት። ይህ ሁሉ እያለ ወረቀቱ ላይ «አሜባ» ብሎ መጻፍ አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

አሜባ የለም አላልኩም። አለ፣ ይገድላልም። እንዲያውም ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት አሜባ አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ አሜባ እያለ ስቴሮይድ ከተወሰደ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፍላጂል ማንም አይወቅስም። ሁለተኛውንም ልለፈው። አምስተኛውን ግን? አሜባ ከሆነ በትክክል ሲታከም በቀናት ውስጥ ይሻላል። መድኃኒቱን ጨርሰሽ ደሙ ከተመለሰ «ሌላ አሜባ ያዘኝ» አይባልም፤ «ምርመራው ትክክል ነበር ወይ?» ነው የሚባለው።

«ስወስድ ይሻለኛል» ያልሽው ብዙ ሰው ያሳስታል። ይህ ሕመም በራሱ ጊዜ ይነሳል፣ በራሱ ጊዜም ይበርዳል። ሲበርድ ምስጋናውን የሚወስደው በዚያ ሳምንት የተዋጠው ኪኒን ነው። አንዷ ፍላጂል፣ ሌላዋ ፌጦ፣ ሦስተኛዋ ጠበል አዳነኝ ትላለች። ጠበልሽን ጠጪ፤ መድኃኒትሽን ግን አትተዪ። ፍላጂል በተደጋጋሚ ሲወሰድ ደግሞ የእጅና የእግር ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ጣትሽን መደንዘዝ ጀምሮሽ ከሆነ አሁኑኑ አቁሚው።

ደሙን ያቆመልሽ ፕሬድኒሶሎን ነው። መፍራትሽ ይገባኛል። ፊት ያሳብጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ሲቆይ አጥንት ያሳሳል። ለዚህም ነው ለረጅም ጊዜ የማንሰጠው። አብዛኛውን ጊዜ በቀን 40 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ በሁለት ወር ገደማ ያልቃል፤ ፊትሽም ወደነበረበት ይመለሳል። በአንዴ መቁረጥ ግን አደገኛ ነው። ኪኒኑን ለሳምንታት ስትወስጂ ሰውነትሽ የራሱን ሆርሞን መሥራት ይተዋል፤ ድንገት ሲቋረጥ ያዝላል፣ ያስመልሳል፣ ግፊት ይወርዳል። ቤት የተረፈውንም በራስሽ መልሰሽ እንዳትጀምሪ።

ሜሳላዚን ግን ስቴሮይድ አይደለም። ያለ ጥፋቱ አብሮ ተጣለ። የሚሠራው አንጀቱ ሽፋን ላይ ነው፤ በኪኒንም በፊንጢጣ በሚገባ መልክም አለ፤ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ይበልጥ ይሠራሉ። ሥራው የቆመው ደም እንዳይመለስ ማድረግ ነው። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው፤ ደህና ሆነሽም ለዓመታት ትወስጂዋለሽ። ካልበቃሽ የመከላከያ ኃይልን የሚያበርድ አዛታዮፕሪን የሚባል ኪኒን አለ፤ ለመሥራት ወራት ይፈጃል፣ የደም ምርመራም ይፈልጋል። ከዚያ በላይ እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያሉ መርፌዎች አሉ፤ ውድ ናቸው፣ ከመጀመራቸው በፊትም የቲቢ ምርመራ ግዴታ ነው። አሁን ስለነሱ አትጨነቂ።

ለወገብም ለራስ ምታትም አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አትውሰጂ፤ ሕመሙን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ።

ሠርጉ? አግቢ። ሜሳላዚን በእርግዝናም ይወሰዳል። እርግዝናው ግን ሕመሙ ለጥቂት ወራት ጸጥ ካለ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

በቀን ስድስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ደም ካስቀመጠሽ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆድሽ ከተነፋ ወይም ልብሽ በፍጥነት ከመታ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ይህ ከሌለ ነገ ጠዋት ኮሎኖስኮፒውን ወደሠራልሽ ሐኪም ተመለሺ። የውጤቱን ወረቀትና ያለሽን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ያዢ። የፍላጂሉን ባዶ ማሸጊያም አትደብቂው።