በኮቪድ ጊዜ የአሜሪካ ትምህርት ዲስትሪክቶች እንዴት ሠሩ? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ትምህርት ዲስትሪክት (የአንድ አካባቢ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት)፣ በምግብና በአውቶቡስ ክፍል ነው የምሠራው። የኮቪድን ጊዜም እዚያው ነው ያሳለፍኩት። ሐኪም አይደለሁም፣ ጠበቃም አይደለሁም። አንድ አደራ ብቻ፦ አገሪቱ ውስጥ ከ13,000 በላይ ዲስትሪክት አለ፤ ሁሉም የየራሱ አሠራር አለው። ስቴታችሁንና ዲስትሪክታችሁን ሳትጽፉ "እኛ ጋ ለምን እንዲህ ሆነ?" አትበሉኝ።

ሄለን፦ ያኔ ትምህርት ቤት ይዘጋ፣ ይከፈት የሚለውን ማን ነበር የሚወስነው? ፕሪንሲፓላችን (ርእሰ መምህሩ) በጠየቅነው ቁጥር "እኔም አላውቅም" ይለን ነበር።

መልስ፦ እውነቱን ነው፣ አያውቅም ነበር። መጀመሪያ የዘጉት የስቴት ገዢዎች ናቸው። ማርች 12 ቀን 2020 ኦሃዮ ጀመረች፣ ሌላው ተከተለ፤ በመጨረሻ 48 ስቴቶች እስከ ትምህርት ዘመኑ ማብቂያ ድረስ እንዲዘጋ አዘዙ ወይም መከሩ። ከሰመር በኋላ ግን አብዛኛው ስቴት ውሳኔውን ለየዲስትሪክቱ ተወው። እዚያ ደግሞ ብዙ ቦታ ሱፐርኢንተንደንቱ (የዲስትሪክቱ ኃላፊ) ዕቅድ ያቀርባል፣ ስኩል ቦርዱ (የዲስትሪክቱ ቦርድ) ድምፅ ይሰጣል። ፕሪንሲፓሉ ውሳኔውን እንደ እናንተው በኢሜይል ነው የሚሰማው። ወላጁ ግን እሱ ላይ ይጮሃል። የቦርዱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ተመዝግቦ ጥቂት ደቂቃ መናገር ይቻላል። የእኛ ሰው ግን አይመጣም። መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሞ ያማርራል እንጂ!

ቢኒ፦ ጋሼ፣ ምግቡ ያኔ ለሁሉም ልጅ ነጻ ነበር። የቅዳሜና የእሁዱን ሳይቀር ይሰጡን ነበር። ለምን ቆመ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ከኮቪድ በፊት ገቢው ከፌዴራል የድህነት መስመር 130 በመቶ ያልበለጠ ቤተሰብ ልጅ በነጻ ይበላል፣ እስከ 185 በመቶ ያለው በቅናሽ፣ ሌላው ይከፍላል። ሕጉ ደግሞ ልጁ ራሱ መጥቶ፣ ካፌቴሪያ ተቀምጦ እንዲበላ ይላል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ካፌቴሪያ የለ፣ ልጅ የለ። ምግቡ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ልጁ ቤቱ። ያኔ ዩኤስዲኤ (የፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር) ሕጎቹን ለጊዜው አነሳቸው፦ ምግቡን ይዞ መሄድ ተፈቀደ፣ ወላጅ ልጁን ሳያመጣ መውሰድ ቻለ፣ የብዙ ቀን ምግብ አንድ ላይ መስጠት ተቻለ። ሰው ትንሽ ነገር ይመስለዋል። ለእኛ ግን ሁሉ ነገር ነበር፤ አውቶቡሶቹ ልጅ የሚጭኑበትን መስመር ይዘው ምሳ ሲያድሉ የዋሉት በእሱ ፈቃድ ነው። በኋላም ማን ይከፍላል፣ ማን አይከፍልም የሚለው ቀርቶ ለሁሉም ነጻ ሆነ።

ፈቃዱ ጁን 30 ቀን 2022 አበቃ። ኮንግረስ ለሁሉም ነጻ የሚለውን አላራዘመውም። በኮቪድ ጊዜ ልጅ ያስገባው ወላጅ ደግሞ ነጻ ምግብ የሚጠየቅበት የገቢ ፎርም የሚባል ነገር ሞልቶ አያውቅም፤ ነጻ ነው ብሎ ዝም ሲል ዕዳ ተጠራቀመበት። ካሊፎርኒያና ሜይን በዚያው ዓመት በራሳቸው ገንዘብ ለሁሉም ነጻ አደረጉት። በዓመቱ ሚኒሶታና ኮሎራዶን የመሳሰሉ ተከተሉ። እባካችሁ፣ ምግቡ ነጻ በሆነበትም ቦታ የገቢ ፎርም ከተላከላችሁ ሙሉት! ብዙ ቦታ ለትምህርት ቤቱ የሚመጣው ሌላ ገንዘብ በዚያ መረጃ ነው የሚሰላው።

ሰናይት፦ ፎርሙን ብሞላ ግሪን ካርዴ ላይ ችግር አያመጣም?

መልስ፦ አያመጣም። በ2022 በወጣው ደንብ መሠረት የትምህርት ቤት ምግብ በፐብሊክ ቻርጅ (መንግሥት ላይ ሸክም ይሆናል ተብሎ ግሪን ካርድ የሚከለከልበት መመዘኛ) አይቆጠርም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለሌለው ፎርሙ ላይ "የለኝም" የሚል ሳጥን አለ። ሙሉት።

አቤል፦ ማስኩ ልጆቹን ጎድቷቸዋል ይላሉ። ክትባቱስ?

መልስ፦ ሐኪም አይደለሁም ብያለሁ። ቀጣይ።

ዮናስ፦ እውነቱ አይነገርም እንጂ ያዘጋው የመምህራን ማኅበር ነው። ቺካጎ በጃንዋሪ 2022 እንኳን፣ ክትባት ከመጣ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ አምስት ቀን ትምህርት ተሰርዟል።

ትዕግሥት፦ መምህርት ነኝ፣ አንድ ነገር ልበል። መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ውስጥ 30 ልጅ ይዘህ ዋልና ከዚያ አውራ። እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው።

ዮናስ፦ ግሮሰሪ የሚሠሩትም እናት አላቸው። ኒውዮርክ በኖቬምበር 2020 ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሬስቶራንት ውስጥ ቁጭ ብሎ መብላት ይቻል ነበር። ይሄ ምን ይባላል?

ትዕግሥት፦ እሱን ከንቲባውን ጠይቅ፣ እኔን አይደለም።

መልስ፦ በቃ። ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ፣ ግን ሌላ ቦታ ተከራከሩ። ማንም የማያነሳውን እኔ ልንገራችሁ፦ ብዙ ቦታ "ሃይብሪድ" የሚባለውን፣ ሁለት ቀን በአካል፣ ሌላውን በዙም፣ ያመጣው ሜትር ነው። በልጆቹ መካከል ያለው ርቀት ስድስት ጫማ (ሁለት ሜትር ገደማ) ይሁን ተባለ። ክፍሉ ግማሹን ልጅ ብቻ ያዘ፤ አውቶቡሱ ደግሞ ከዚያም ባሰ። ከ70 በላይ ልጅ የሚጭን ትልቅ አውቶቡስ አንድ ረድፍ እየዘለልክ አንድ አንድ ልጅ ስታስቀምጥበት 12 ገደማ ነው የሚይዘው። ያንኑ ሰፈር ለማንሳት አምስት ስድስት ጊዜ መመላለስ ነው! ሹፌር ከየት ይምጣ? ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተው የተመለሱ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ ፈሩ፣ ቀሩ። የመንጃ ፈቃዱን ያገኘ ወጣት ደግሞ የጭነት መኪና የተሻለ ይከፍለዋል። ማሳቹሴትስ በሴፕቴምበር 2021 ብሔራዊ ዘቡን ጠርታ ተማሪ በቫን አመላልሳለች። ሲዲሲ (የፌዴራሉ የበሽታ መከላከያ ማዕከል) በማርች 2021 ማስክ ላደረገ ክፍል ርቀቱን ወደ ሦስት ጫማ ሲያወርደው ነው ብዙ ዲስትሪክት ልጆቹን አምስቱንም ቀን መመለስ የቻለው። ማኅበሩም ፖለቲከኛውም ድርሻ አላቸው፤ ግን ቦርዱ "ነገ ይከፈት" ቢል እንኳ የእኔ ቢሮ "በምን ላምጣቸው?" ይል ነበር።

ኪዳን፦ ትምህርት ቤቶቹ ያኔ እንዴት ነበሩ?

መልስ፦ ምኑ እንዴት ነበር? ወንድሜ፣ ጥያቄ ጠይቅ።

ማርታ፦ ያ ሁሉ ቢሊዮን የት ገባ? እኛ ያየነው ነገር የለም።

መልስ፦ ፌዴራል መንግሥቱ ለትምህርት ቤቶች የሰጠው የኮቪድ ድጎማ በሦስት ዙር መጣ፦ 13.2 ቢሊዮን፣ 54.3 ቢሊዮን፣ ከዚያ በማርች 2021 ወደ 122 ቢሊዮን ዶላር። ለወላጅ በእጅ የሚሰጥ አልነበረም። አብዛኛው ለየዲስትሪክቱ የተከፋፈለው ድሃ ተማሪ ባለበት መጠን ስለሆነ ጎረቤት ዲስትሪክት ከእናንተ ብዙ እጥፍ አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ከሦስተኛው ዙር ዲስትሪክቱ ቢያንስ 20 በመቶውን ልጆቹ ወደኋላ የቀሩበትን ለማካካስ ማዋል ነበረበት። ሌላው በላፕቶፕ፣ በአየር ማጣሪያ፣ በአስጠኚና በነርስ ደመወዝ አለቀ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ገንዘቡን ለሥራ የመመደቢያው ቀን አበቃ፣ በዚያ የተቀጠረ ሰው ያለበት ዲስትሪክት ተጨነቀ። የእናንተን ዝርዝር ከፈለጋችሁ የቦርዱን የበጀት ሰነድ ጠይቁ፤ በስልክ ሳይሆን በኢሜይል።

ሰብለ፦ ልጄ አይ.ኢ.ፒ. (ልዩ ትምህርት ለሚያስፈልገው ልጅ የሚወጣ የግል ዕቅድ) አለው። የንግግር ሕክምናው በዙም ጊዜ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ዲስትሪክቱ ስልክ ላይ "ወረርሽኝ ስለነበር ነው" አሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ የእኔ ክፍል አይደለም። ግን ወረርሽኙ የልዩ ትምህርት ሕጉን አላስቆመውም። የተቋረጠውን እንዲያካክሱልሽ ስብሰባ ጠይቂ። በኢሜይል ጻፊ፣ ስልክ ማስረጃ አይሆንም። አስተርጓሚ ከፈለግሽ በነጻ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ።

ናቲ፦ ምግቡ ግን ለምን ቆመ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ሊያ፦ ልጄ ያኔ በመዝገቡ ላይ ውጤት ሳይሆን "አልፏል" ብቻ ነው የተጻፈለት። ኮሌጅ ሲገባ ይጎዳዋል?

መልስ፦ ስቴት? ዲስትሪክት? ለማንኛውም ካውንስለሩን (የትምህርት ቤቱን አማካሪ) ጠይቂ። በ2020 ጸደይ ብዙ ዲስትሪክት እንዲሁ ነው ያደረገው፤ ኮሌጆችም ያውቁታል።

ፍጹም፦ ያኔ የሰጡን ክሮምቡክ (ላፕቶፕ) አሁንም ቤት አለ። ልጁ ተመርቋል። ምን ላድርገው?

መልስ፦ መልሱት። የዲስትሪክቱ ንብረት ነው፣ ዕዳ ሆኖ ልጁ ስም ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ስታስረክቡ ደረሰኝ ተቀበሉ። ቻርጀሩንም አትርሱ፣ እሱን ለብቻው ያስከፍላሉ።