የዕለት ተዕለት የኮርሳ ብስክሌት፦ ከቴላዮው በፊት የኋላ ጎማውን ተመልከት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ክብደትህ 90 ኪሎ ግራም ነው፤ ከቤትህ እስከ ሥራ ቦታህ 12 ኪሎ ሜትር ነው፤ ላፕቶፕና ቅያሪ ልብስ ትይዛለህ፤ መንገዱ አስፋልት ቢሆንም የተቦረቦረ ነው። በእጅህ ሁለት ምርጫ አለ፦ ያገለገለ፣ 8 ኪሎ የሚመዝን የካርቦን ኮርሳ እና አዲስ፣ ከ11 ኪሎ በላይ የሚመዝን የብረት ኮርሳ። «የትኛው ቴላዮ ይበረታል?» ብለሃል፤ ቴላዮ ማለት ጎማና መሪ የሚታሰሩበት የብስክሌቱ አጽም ነው። እኔ ከአንተ ጋር በሚቀራረብ መንገድ ዘጠኝ ዓመት ተመላልሻለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ሦስት ብስክሌቶች ቀያይሬአለሁ። ቴላዮ ግን ተሰብሮብኝ አያውቅም። የተሰበረብኝ ሌላ ሌላው ነው።

እስቲ መጀመሪያ እናስላው። በቀን 24 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 225 የሥራ ቀን ብትነዳ 5,400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የኮርሳ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.1 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የኋላ ጎማህ በዓመት ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር ሞዞውን (የጎማውን መሀል) ከቸርኬው (ከዙሪያው ክብ) ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ተራ በተራ ወደ ታች ሲደርሱ ይላላሉ፣ ከፍ ሲሉ መልሰው ይወጠራሉ። ሽቦ የሚበጠሰው በአንድ ከባድ ጉድጓድ ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚገድለው ይህ መላላትና መወጠር ነው። ወፍራም የብረት ሽቦ እንኳ በእጅህ ወዲያና ወዲህ ደጋግመህ ብታጥፈው መጨረሻው ይታወቃል።

የመጀመሪያዋ ብስክሌቴ የኋላ ጎማዋ 20 ሽቦ ብቻ ነበረው። ያማረች ነበረች፤ ያያት ሁሉ አንስቶ ክብደቷን ሳይሞክር አያልፍም ነበር። በሦስተኛው ወር፣ በደህናው መንገድ ላይ፣ ጠብ የምትል አንዲት ድምፅ ሰማሁ። ሽቦ ከሞዞው አጠገብ ካለው እጥፋት ላይ ተበጥሶ ነበር። 36 ሽቦ ያለው ጎማ አንዱን ቢያጣ ትንሽ ይወላገዳል እንጂ ቤት ያደርስሃል። የሽቦው ቁጥር 20 ሲሆን ግን እያንዳንዱ የተሸከመው ብዙ ስለሆነ ቸርኬው ተጣሞ ከቴላዮው ጋር ተፋተገ፤ የቀረውን አምስት ኪሎ ሜትር በትከሻዬ ተሸክሜያት ሄድኩ። ክብደቷ ቀላል መሆኑ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሽቦውን አስቀየርኩ፤ ከአንድ ወር በኋላ ጎረቤቱ ተበጠሰ።

ስለዚህ ለአንተ ክብደትና ጭነት ከኋላ 32 ሽቦ፣ ከተገኘም 36 እንዲሆን እመክራለሁ። ከፊት 28 ይበቃል፤ ክብደትህ የሚያርፈው ይበልጡን ከኋላ ነውና። ከቁጥሩ በላይ ግን ውጥረቱን ተመልከት። ሰንሰለቱ የሚያዞራቸው የኋላ ጥርሶች ክምር በቀኝ በኩል ቦታ ስለሚይዝ የኋላ ጎማ የግራ ሽቦዎች ከቀኞቹ ይልቅ የላሉ ናቸው። በጣትህ እንደ ክራር ክር ነካ ነካ አድርጋቸው። በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ከሰጡ መልካም ነው፤ አንዱ ቢጮህና ሌላው እንደ ላላ ገመድ ዝም ቢል ጎማው ሠሪ እጅ ውስጥ መግባት አለበት ማለት ነው። አዲስ ብስክሌት ቢሆንም የመጀመሪያውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳህ በኋላ ሽቦዎቹን አስወጥር። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም ያደረግሁት በሦስተኛው ብስክሌቴ ነው፤ እስከ ዛሬ አንድም ሽቦ አልተበጠሰባትም።

የኋላውን ጎማ ሳንለቅ አንድ ነገር ልጨምር። በርካሽ ብስክሌቶች ላይ የጥርሶቹ ክምር ራሱ በሞዞው ላይ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ ይታሰራል። በዚህ አሠራር የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ የመሀሉ ዘንግ ከኩሽኔታው እስከ ቴላዮው ድረስ ያለ ድጋፍ ይቀራል፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ይታጠፋል። ሁለተኛዋ ብስክሌቴ ላይ ሁለት ዘንግ ያጣመምኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ጥርሶቹ ከሞዞው ጋር በተያያዘ ተሽከርካሪ አካል ላይ እየተሰኩ የሚታሰሩበት አሠራር ኩሽኔታውን ወደ ጫፍ ያወጣዋል። ሻጩን የትኛው እንደሆነ ጠይቀው፤ ካላወቀ መካኒክ ይዘህ ሂድ።

አሁን ወደ ጎማው ስፋት። የተቦረቦረ አስፋልት ላይ 23 ሚሊ ሜትር ጎማ ለመንዳት ካሰብህ ወገብህን አስቀድመህ ይቅርታ ጠይቀው። ቢያንስ 28፣ ቢቻል 32 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሰፊ ጎማ ብዙ አየር ስለሚይዝ ንፋሱን ዝቅ አድርገህ መንዳት ትችላለህ፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቸርኬው ከውስጥ ጎማው ጋር እየተጋጨ የሚበሳሳው ነገርም ይቀንሳል። እኔ ከነጭነቴ ከአንተ ብዙም አልርቅም፤ 32 ሚሊ ሜትር ጎማዬን ከኋላ ወደ 5 ባር፣ ከፊት ትንሽ ዝቅ አድርጌ እነፋዋለሁ። በጎማው ጎን 32-622 የሚል ጽሑፍ ታገኛለህ፤ 32 ስፋቱ ነው፣ 622 ደግሞ ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር በሚሊ ሜትር። ለኮርሳ ሁለተኛው ቁጥር 622 ከሆነ መለዋወጫ ለማግኘት አትቸገርም።

ችግሩ ብዙ የእሽቅድምድም ቴላዮዎች 32 አያስገቡም። ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚነክሰው አጭር ክንድ ያለው ፍሬን ጎማውን ከላይ ይጋፋዋል፤ ከዚያ በላይ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ሲጨመር ቦታ የለም። ዝናብ በሚዘንብበት ወራት ያለ ፓራፋንጎ ሥራ መሄድ ማለት ጀርባህ ላይ ከታች እስከ ላይ የጭቃ መስመር ይዘህ ስብሰባ መግባት ነው። የዲስክ ፍሬን ያለበት ቴላዮ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፤ በዝናብም ቸርኬውን እየፋቀ አይበላውም። በዘይት የሚሠራው ይበልጥ ይይዛል፤ እኔ ግን በሽቦ የሚጎተተውን መረጥሁ፤ ሽቦው ቢበጠስ መንገድ ዳር ተቀምጬ ራሴ ስለምቀይረው።

የዕቃ መጫኛና የፓራፋንጎ ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በኋላ ጎማ መቀመጫው አጠገብ መኖራቸውን በዓይንህ እይ። ቦርሳ በጀርባ ይዞ 12 ኪሎ ሜትር መንዳት ይቻላል፤ ሸሚዝህ ግን አይወደውም። ከቀዳዳው ሌላ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ዘንግ መሀል እስከ ኋላ ጎማው መሀል ያለውን ርቀት ለካ። እሽቅድምድም ላይ 410 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚህ ላይ የጎን ቦርሳ ብታንጠለጥል በእያንዳንዱ ዙር ተረከዝህ ይረግጠዋል። ከ430 በላይ ከሆነ ትድናለህ። የእኔን ላፕቶፕ ተረከዜ ስንት ጊዜ እንደመታው እሱ ብቻ ያውቃል።

ስለ ማርሽ ብዙ አልልም። ከኋላ 8 ወይም 9 የጥርስ ቀለበት ያለው፣ ለምሳሌ የሺማኖ ኩባንያ ማርሾች ክላሪስ ወይም ሶራ፣ ለሥራ መመላለሻ በቂ ነው፤ ሰንሰለቱም 11 ወይም 12 ቀለበት ካላቸው ይልቅ ወፍራም ነው። ትንሿ የፊት ቀለበት 34 ጥርስ፣ ትልቋ የኋላ 32 ጥርስ ቢኖራት ዳገት ላይ ጉልበትህን ታድንሃለች። ሰንሰለቱን በየጊዜው በማስመሪያ ለካው፦ ከአንድ ፒን መሀል ጀምረህ 24 መጋጠሚያ ስትቆጥር አዲሱ 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወደ 307 ሲጠጋ ቀይረው፤ ከዘገየህ ጥርሶቹንም አብረህ ትቀይራለህ።

ወደ ጠየቅኸው ወደ ቴላዮው ስመለስ፣ ካርቦን ደካማ ነው አልልም፤ ለተሠራለት ሥራ እጅግ ጠንካራ ነው። የማይወደው ግን በየቀኑ ከብረት ምሰሶ ጋር መታሰርን፣ የጎረቤት ብስክሌት ሲወድቅበት መመታትን፣ ብሎኑ ከልኩ በላይ መጥበቁን ነው። ያገለገለ ሲሆን ደግሞ ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ አታይም። ብረት ሲመታ ይጎደጉዳል፣ ሲሰነጠቅ ይታያል፣ የሚበይደው ሰውም አይጠፋም፤ ዝገቱን ብቻ ጠብቅ። አሉሚኒየምም ቢያቀርቡልህ አትሽሽ፤ ከላይ ያልኩትን ካሟላ እኔ እገዛዋለሁ። በሁለቱ ምርጫዎችህ መካከል ያለው የሦስት ኪሎ ልዩነት አንተ፣ ብስክሌቱና ቦርሳው አንድ ላይ ከምትመዝኑት ሦስት በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

እኔ በቦታህ ብሆን የብረቱን እወስዳለሁ፣ 32 ሽቦና 32 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚያስገባ ከሆነ። አንድ ነገር ብቻ ሐሳቤን ያስቀይረኛል፦ ልኩ። ለቁመትህ ረጅም ከሆነና መሪውን ለመያዝ መንጠራራት ካለብህ በሳምንቱ አንገትህ ይነግርሃል። ስለዚህ ላፕቶፑንና ልብሱን ቦርሳህ ውስጥ ከትተህ ሂድ፤ «ከነጭነቴ ሃያ ደቂቃ ልንዳው» በለው። ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ ሌላ ሻጭ ፈልግ። ስትመለስ የኋላ ሽቦዎቹ ስንት እንደሆኑ ጻፍልን።