መልስ፦ የሁለቱ ሄንሪዎች ፊት ለምን አንድ ሆነ?

ወንድሜ፣ በእንግሊዝ ነገሥታት በሄንሪ አምስተኛና በሄንሪ ስድስተኛ ግሮቶች (የአራት ፔኒ የብር ሳንቲሞች) ላይ ያለው ፊት ለምን አንድ እንደሆነ ጠይቀሃል። ፊቱ የማንም መልክ ስላልሆነ ነው። ሄንሪ ስድስተኛ በ1422 እ.ኤ.አ. ሲነግሥ የዘጠኝ ወር ሕፃን ነበር፤ በሳንቲሙ ላይ ግን ዘውድ የደፋ፣ ጸጉሩ በሁለቱም ጎን የተጠቀለለ ጎልማሳ ፊት ለፊት ያፈጥጥብሃል። ቀራጮቹ ዘውዱን፣ ፊቱን፣ ጸጉሩን፣ ፊደላቱን ሳይቀር በየራሳቸው ትንንሽ መምቻ ብረቶች ሳንቲሙ በሚታተምበት ብረት (ማተሚያው) ላይ እየመቱ ነበር የሚያሳርፉት። መምቻው እስካላለቀ ድረስ ንጉሥ ቢሞት ምን ቸገራቸው?

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የሳንቲሙ ጀርባ ነው። መሐሉ ላይ መስቀል፣ በመስቀሉ በየማዕዘኑ ሦስት ሦስት ነጠብጣብ፣ ዙሪያውን ሁለት ረድፍ ጽሑፍ፤ ውጭኛው በላቲን «እግዚአብሔርን ረዳቴ አደረግሁ» ይላል። መስቀሉ እስከ ጠርዝ የሚዘረጋው ደግሞ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ከ1247 ጀምሮ በፔኒው ላይ እንዲረዝም የተደረገው ጠርዙን እየሸረፉ ብር የሚሰርቁትን ለማጋለጥ ነበር፤ የመስቀሉ ጫፍ ከጎደለ ሳንቲሙ ተነክቷል ማለት ነው።

ያንተው ሳንቲም ጽሑፉ በአንድ ወገን ብቻ የጎደለ ከሆነ ግን ሌባ ከመፈለግህ በፊት መዝነው። ክብደቱ ካልጎደለ፣ በእጅ ሲመታ ብሩ ከማተሚያው መሐል ፈቀቅ ብሎም ሊሆን ይችላል።