ዓሣው በላ፤ ሆዱ ውስጥ ግን ስንቱ ቀረ?

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎቻችሁ አብዛኞቹ ስለ ዓሣ መኖ ናቸው። ጾም ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ የዓሣ ነገር መነሳቱ አይቀርም መቼም። ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ ትተን ወደ ኩሬው እንግባ።

ከአዘዞ፦ ለቆሮሶዎቼ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ነው የምሰጠው። ፋጉሎ ፕሮቲኑ ብዙ ነው ይሉኛል፤ ዓሦቹ ግን ፈቀቅ አላሉም። ምን ጎደላቸው?

ወንድሜ፣ ፋጉሎው ውስጥ ያለው ሌላ፣ ዓሣው ከፋጉሎው የሚያገኘው ሌላ። ላቦራቶሪ ፕሮቲን ለካሁ ሲልህ ናይትሮጂኑን ለክቶ በ6.25 አባዝቶ ነው፣ በቃ። አሮጌ የጫማ ቆዳ ብትልክለትም ቆንጆ ቁጥር ይሰጥሃል። የኑግ ፋጉሎ ደግሞ ፋይበር ይበዛበታል፤ ዓሣ እንደ በሬ አያመሰኳምና ፋይበሩ እንደገባ ይወጣል። ግን ፋጉሎውን ከመኮነንህ በፊት ውኃው ውስጥ ቴርሞሜትር ክተት። ቆሮሶ የሚመቸው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዷን ታውቀዋለህ። ውኃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ ዓሣው የመብላት ፍላጎቱም ዕድገቱም አብሮ ይወርዳል።

ከጎርጎራ፦ ታዲያ ምን ያህሉን እንደፈጨው በምን ይታወቃል? ውኃ ውስጥ ያለን ኩስ ማን ሰብስቦ ይጨርሰዋል?

ማንም አይጨርሰውም፣ እኅቴ። ለዚህ ነው ዘዴ የተፈለገው። መኖው ውስጥ ዓሣው ፈጽሞ የማይፈጨው ነገር ይደባለቃል፤ የተለመደው ክሮሚክ ኦክሳይድ የሚባል አረንጓዴ ዱቄት ነው፣ ለ100 ኪሎ መኖ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ። ወጥ ሲንተከተክ አስቢው። ውኃው ይተናል፣ ጨው ግን የትም አይሄድም፣ ስለዚህ ወጡ እየቆየ ጨው ይበዛበታል። ዱቄቱም እንደዚያው ነው። መኖው እየተፈጨ ወደ ደም ሲገባ ዱቄቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ኩሱ ውስጥም ይበረታል። መኖው ውስጥ 1 በመቶ የነበረው ኩሱ ውስጥ 4 በመቶ ከሆነ፣ ከ100 ኪሎ ደረቅ መኖ የወጣው 25 ኪሎ ደረቅ ኩስ ነው ማለት ነው። 75ቱ ሆድ ውስጥ ቀርቷል።

ፕሮቲን ላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መኖው 30 በመቶ፣ ኩሱ 20 በመቶ ፕሮቲን ቢኖረው «ውይ፣ ሲሶውን ብቻ ነው የፈጨው» ይባላል። አይደለም! 25 ኪሎ ኩስ ውስጥ 20 በመቶ ማለት 5 ኪሎ ነው። 30 ገብቶ 5 ወጣ፤ 83 በመቶ ገደማ ተፈጭቷል።

ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ፋጉሎውን ብቻውን አብልቼ ብለካውስ?

ብቻውን ደህና አድርጎ አይበላልህም፣ ቢበላም የተሟላ መኖ ስላልሆነ ዓሣው ይጎዳል። የታወቀ ጥሩ መኖ 70 እጅ፣ ፋጉሎው 30 እጅ አድርገህ ቀላቅል። ጥሩውን መኖ ለብቻው በሌላ ገንዳ ለካው፣ የፋጉሎው ድርሻ ከልዩነቱ በስሌት ይወጣልሃል።

ከቆላ ድባ፦ ኩሱን ከኩሬዬ ሥር በመረብ ብሰበስብ ይሆናል?

አይሆንም፣ እኔ ሞክሬ ተዋርጃለሁ። ክሮሚክ ኦክሳይዱን ለመቆጠብ ብዬ መኖው ሲቃጠል የሚተርፈውን፣ አሲድ የማይበላውን አመድ በዱቄቱ ፋንታ እንደ ምልክት ልጠቀም አልኩ፤ ዘዴው ራሱ የታወቀ ነው። ችግሩ ቆሮሶዎቼ የኩሬውን ጭቃ ከነአሸዋው ይበሉ ነበር። አሸዋ ደግሞ አሲድ አይበላውም። ኩሱ ውስጥ «ምልክቱ» በዛና መኖዬ ለማመን የሚከብድ ቁጥር አመጣ፤ እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ተኩራራሁ። ስለዚህ ንጹሕ ገንዳ ይሁን፣ ሥሩ ወደ ታች እየሾለ የጠበበ፣ ኩሱ ወርዶ የሚጠራቀምበት። ዓሦቹን አንድ ሳምንት ያህል መኖውን አለማምዳቸው፣ ካበላሃቸው በኋላ የተረፈውን ጥረግ፣ ከዚያ ኩሱን ቶሎ ቶሎ አውጣ። ውኃ ውስጥ ከቆየ ፕሮቲኑ ይሟሟል፣ ያልተፈጨውም የተፈጨ ይመስላል። ሆዱን ጨምቆ ማውጣት የሚመርጡ አሉ፤ ያ ደግሞ ገና መፈጨቱን ያልጨረሰውን ከሰውነቱ ፈሳሽ ጋር አቀላቅሎ ያመጣና ቁጥሩን ወደ ታች ይስበዋል። እኔ በገንዳው እስማማለሁ፣ ማለዳ መነሳት ካልሰነፍክ።

ከማክሰኝት፦ የተረፈኝን የዶሮ መኖ ብሰጣቸውስ?

ይበሉታል። ግን እህልና ፋጉሎ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ አብዛኛው ፋይቴት ከሚባል ነገር ጋር የተቆራኘ ነው። ፋይቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ካልተጨመረበት ዓሣ እምብዛም አይፈታውም፣ ከኩሱ ጋር ውኃው ውስጥ ይደፋዋል፣ አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ነገር በፎስፎረሱ ይፋፋና ኩሬውም አረንጓዴ ይሆናል። ቆሮሶ አረንጓዴውን ራሱን ስለሚበላ ትንሹ አያስከፋም። ከበዛ ግን ሌሊቱን ኦክስጅኑን ይጨርስባቸዋል። ጎህ ሲቀድ ውጣና እይ፤ አፋቸውን ውኃው ላይ አውጥተው ካዛጉብህ የዚያን ቀን መኖ አትስጥ፣ አዲስ ውኃ ልቀቅባቸው።