«ደም ማቅጠኛ» ማለት ልክ ነው?

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ዋርፋሪን ለሚወስዱ ታካሚዎች «ደም ማቅጠኛ ነው» ስንላቸው አንዳንዶቹ ደማቸው የሚያንስ እየመሰላቸው ይፈራሉ። «ፀረ ደም መርጋት» ስንል ደግሞ ግራ ይጋባሉ። የቱን እንጠቀም?

መልስ፦ ፍርሃታቸው ከቋንቋው የመጣ ነው። ወጥ ቀጠነ ስንል ውሃ በዛበት ማለታችን ነው። ሰው ቀጠነ ስንልም ከሳ ማለት ነው። «ደም ማቅጠኛ» የሰማ ሰው ደም ማነስ ቢታየው አይፈረድበትም። ዋርፋሪን ግን ደምን ውሃ አያደርግም። ደም የሚረጋው በቫይታሚን ኬ እየታገዙ በሚሠሩ ፕሮቲኖች ጭምር ነው፤ መድኃኒቱ እነሱን ያዳክማል። ደሙ ለመርጋት ጊዜ ይወስድበታል ማለት ነው።

«ፀረ ደም መርጋት» ለመጽሐፍ ይሁን። አልጋ አጠገብ ግን «ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት» ይበሉ። ይረዝማል፤ ሥራውን ግን ራሱ ይናገራል። «ደም ማቅጠኛ»ም ሰው የለመደው ስም ስለሆነ አይጣል፤ ይህን ማብራሪያ ብቻ ያስከትሉለት። «የረጋውን ያሟሟል» ግን አይባል። ዋርፋሪን የረጋው እንዳይጨምር፣ አዲስም እንዳይረጋ ነው የሚከላከለው።

የበለጠ የሚያሳስበኝ «መርጋት» የሚለው ቃል ነው። ደም ሥር ውስጥ ሲረጋ አደጋ ነው፤ ቁስል ላይ ሲረጋ ደግ ነው። ታካሚው ሁለቱን በአንድ ቃል ከሰማ ይምታታበታል። ደግነቱ አማርኛ ለቁስሉ ሌላ ግስ አለው፦ ደሙ ቆመ። ስለዚህ ስለ መድማት ሲጠይቁ «ሲቆረጡ ደሙ ቶሎ ይቆማል?»፣ «ድድዎ ይደማል?»፣ «ሳይመታዎት ገላዎ ይበልዛል?»፣ «ሰገራዎ ጠቁሯል?» ይበሉ። «ደም ቋጠረ»ን ደግሞ ቆዳ ሥር ለሚታየው ይተዉት። እግር ውስጥ ላለው «ረጋ» ነው ቃሉ።

የአይ ኤን አር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ውጤት ሲነግሩም «ደምዎ በጣም ቀጥኗል» አይበሉ፤ ያስደነግጣል። «ቁጥሩ 4 ሆኗል፤ የምንፈልገው ከ2 እስከ 3 ነበር፤ በቀላሉ ሊደማዎ ይችላል» ቢሉ ይገባቸዋል። (ለአንዳንድ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቮች የሚፈለገው ቁጥር ከፍ ይላል።)

«ጎመን አይብሉ» የሚለውንም ያርሙልኝ። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው የመድኃኒቱን ሥራ ይቀንሳል። ሆኖም ችግሩ አንድ ሳምንት አብዝቶ፣ በሌላው ጭራሽ መተው ነው። «መጠኑን አይለዋውጡ፤ ጾም ሲገባና ሲፈታም ይንገሩን» ይበሏቸው።