ሁሉ ነገር ገንዘብ በሆነበት ዘመን ድምፄ ምን ይረባል?

ጥያቄ፦ ሰው ሁሉ ስለ ገንዘብ ብቻ ነው የሚያወራው። ሥራ ቀየርኩ ስል “ወደድሽው ወይ?” የሚለኝ የለም፤ “ስንት ጨመሩሽ?” ነው። ጓደኞቼ ትዳሩንም፣ ትምህርቱንም፣ ሰውንም የሚለኩት በኪስ ነው። ምርጫ ሲመጣ ደግሞ ያው ነው። ገንዘብ ያለው ፖስተሩን ይለጥፋል፣ የቴሌቪዥን ሰዓት ይገዛል፣ ያሸንፋል። “ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ” ይባል የለ? ታዲያ እኔ ተሰልፌ ድምፅ ብሰጥ ምን ይረባል?
(ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ምሬትሽ ይገባኛል። ኪራይ የሚከፍልና ልጅ የሚያሳድግ ሰው ስለ ገንዘብ ሲጨነቅ ግን አልፈርድበትም። ማጣት ከባድ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሰውን በገንዘቡ መመዘናችን ነው። አንዱ ሀብታም ስለሆነ ብቻ የሚናገረው ሁሉ ጥበብ ይመስለናል፤ ስለማያውቀው ነገር ሲያወራ እንኳ አፋችንን ከፍተን እናዳምጠዋለን፣ ዕድሜዋን ሙሉ በሽተኛ ስታስታምም የኖረች ነርስ ስለ ጤና ልትናገር ስትነሳ ግን ጆሮ የሚሰጣት የለም። ምርጫው መበላሸት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ገና ኮሮጆው ሳይመጣ።

“ምን ይረባል?” ላልሽው ግን እከራከርሻለሁ።

ባለገንዘቦች ድምፅን ለብቻቸው ለመያዝ ስንት እንደለፉ ተመልከቺ። በፕሩሲያ፣ በቀድሞው የጀርመን ግዛት፣ እ.ኤ.አ. ከ1849 እስከ 1918 ድረስ መራጮች በሚከፍሉት ግብር መጠን በሦስት መደብ ይከፈሉ ነበር። እፍኝ የማይሞሉት ትልልቅ ግብር ከፋዮች፣ ብዙኃኑ ድሃ የሚመርጠውን ያህል መራጭ ወኪል፣ ማለትም የምክር ቤቱን አባላት የሚመርጥ ተወካይ፣ ይመርጡ ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ እስከ 1872 ድምፅ የሚሰጠው በአደባባይ ነበር። ባለርስቱ ጭሰኛው ማንን እንደመረጠ ያውቃል፤ ካልጣመው ከመሬቱ ያስነሳዋል። ምስጢራዊ ድምፅን በ1856 ቀድመው በሕግ ከደነገጉት መካከል የአውስትራሊያዎቹ ቪክቶሪያና ደቡብ አውስትራሊያ ይገኛሉ። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶችም ለመምረጥ መጀመሪያ ግብር ክፈል ይባል ነበር፤ ጥቁሮችና ድሃ ነጮች በዚህ ሰበብ ከምርጫ ቀርተዋል፣ ግብሩም ለፌዴራል ምርጫ የተከለከለው በ1964 ነው፣ ለግዛቶች ምርጫ ደግሞ ፍርድ ቤት በ1966 ሻረው። ድምፅ የማይረባ ነገር ቢሆን ኖሮ ድሃው እንዳያገኘው ማን ይህን ያህል ይደክም ነበር?

እርግጥ ነው፣ ገንዘብ በፊት ለፊት ሲከለከል በጓሮ ይመጣል። ዛሬ የሚመጣው በቅስቀሳ በኩል ነው። እንግሊዞች በ1883 ለተወዳዳሪ የቅስቀሳ ወጪ ጣሪያ አበጁለት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2010፣ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከተወዳዳሪው ጋር እስካልተመሳጠሩ ድረስ ለምርጫ የፈለጉትን ያህል ማውጣት ይችላሉ ብሎ ወሰነ። ምክንያቱ የመናገር ነፃነት ነው። እኔ አልቀበለውም። አንዱ ሚሊዮን ጊዜ ሲጮህ ሌላው አንዴም ካልተሰማ፣ ነፃነቱ የማን ነው?

ያም ሆኖ ፖስተሩ ከአንቺ ጋር ወደ ምስጢር ድምፅ መስጫው ክፍል አይገባም። ድምፅ የሚገዛው ሰው ትልቁ ራስ ምታቱም ይኸው ነው፤ ገንዘቡን ከፍሎ ማንን እንደመረጥሽ ማረጋገጥ አይችልም። ለዚህ ነው በየቦታው “የመረጥሽበትን ወረቀት በስልክ አንስተሽ አሳዪኝ” የሚባለው፤ ጣሊያንም እ.ኤ.አ. በ2008 ካሜራ ያለው ስልክ ይዞ ወደዚያ ክፍል መግባትን በሕግ ከልክላለች። እዚያች ክፍል ውስጥ ደመወዝሽን የሚጠይቅሽ የለም። ከቱጃሩም እኩል አንድ ተብለሽ ትቆጠሪያለሽ። በሌላው ቀን የት ነው እንዲህ የሚሆነው? ስለዚህ ሂጂ፣ ተሰለፊ። ቅር ያለሽን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ወዳጆቼ “ሀብታም እንምረጥ፣ የጠገበ አይሰርቅም” ይሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አባቴ፣ ወዳጆችዎ ይህን ያሉት መሮአቸው ይመስለኛል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” እየተባለ ስንሰማ ስላደግን፣ ሥልጣን ማለት መብያ መስሎን ቀርቷል፤ እናም ቀድሞ የበላ ሰው እንፈልጋለን። ግን ገንዘብ ጥጋብ አለው ወይ? ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ ደጋግመው የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ ቢሊየነር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 በግብር ማጭበርበር የተፈረደባቸው ፍርድ ጸና፣ በዚያው ዓመት ከሴኔት ተባረሩ። ባለሀብት ሁሉ ይሰርቃል እያልኩ አይደለም። ሀብቱ ዋስ አይሆነውም ነው የምለው።

ተወዳዳሪው ድምፅዎን ሊለምን ሲመጣ ይጠይቁት፦ ሀብቱን አስመዝግቦ ለሕዝብ አሳይቷል? በመንግሥት ጨረታ የሚሳተፍ ድርጅት በእሱ ወይም በዘመዱ ስም አለ? የቅስቀሳውን ወጪ ማን ቻለለት? ሀብታምም ይሁን ድሃ፣ እነዚህን በግልጽ ካልመለሰ እኔ አልመርጠውም።